ደም ብዛት ሲባል የበዛው ምኑ ነው?

“ኧረ ተወኝ፣ ግፊቴን አታስነሳው!” ይህን ያላለ ወይም ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ እንሰማዋለን፣ ቤት ውስጥ እንሰማዋለን። በአነጋገራችን ግፊት የሚነሳና የሚተኛ ነገር ነው። ሲያናድዱን ይነሳል፣ ስንረጋጋ ይተኛል። ሕመሙ ግን እንዲህ አይደለም። ያልተናደደ ሰው ላይም አለ። እየሳቀ ቡና የሚጠጣ ሰው ላይም አለ።

እናቴ ግፊት አለባት። አንድ ቀን “እማ፣ ክኒንሽን ዋጥሽ?” አልኳት። “ተስተካክሏል እኮ አሉኝ። አሁን ምን ያደርግልኛል?” አለችኝ። ለካ ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ወዲያው ለካናት። 168 በ98! ራሷን አላመማትም፣ አላዞራትም፣ እንቅልፍም አልነሳት። ያን ቀን ቁጭ ብለን ብዙ አወራን። እዚህ የምጽፈው አብዛኛው ለእሷ ያስረዳሁትን ነው።

ስሙ ለምን ያሳስታል?

“ደም ብዛት” ሲባል ሰውነት ውስጥ ያለው ደም የበዛ ይመስላል። ሰውም ስሙን ይዞ የራሱን ሒሳብ ይሠራል። ከበዛ ይቀነስ ብሎ ዋግምት የሚያስብ አለ። ደም ይጨምራል ብሎ ቀይ ሥር የሚሸሽ አለ። “እኔማ ደም ያንሰኛል፣ ደም ብዛት ከየት ይመጣብኛል?” የምትልም አለች።

አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። ግፊት ያለበትም ሰው ያው ነው። የጨመረው ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ደም ማነስ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ማነስ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተቃራኒ አይደሉም፤ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ላይ እንዲያውም አብረው መታየታቸው የተለመደ ነው። ቀይ ሥርንም አትሽሹት። ግፊትን በጥቂቱ ዝቅ የሚያደርግ ነገር አለው።

ታዲያ ግፊት ማለት ምንድን ነው?

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። ለቀናት ጠፍቶ ሌሊት ላይ ሲለቀቅ ቧንቧው ያፏጫል። በኃይል ይመጣል። ያረጀ መገጣጠሚያ ካለ ይፈነዳል። ቧንቧውን ያፈነዳው የውሃው ብዛት አይደለም፤ ውሃው የሚገፋበት ጉልበት ነው።

ልባችን ፓምፕ ነው። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ተጨምቆ ደም ሲረጭ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ሲያርፍ ዝቅ ይላል። ስንለካ ሁለት ቁጥር የሚነገረን ለዚህ ነው። ላይኛው ልብ ሲጨመቅ ያለው ነው፣ ታችኛው ልብ ሲያርፍ ያለው ነው። 120 በ80 ሲባል መለኪያው ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። የድሮዎቹ መሣሪያዎች ሜርኩሪ የያዘ የመስታወት ቀጭን ቱቦ ስለነበራቸው አሃዱ ከዚያ ቀርቷል።

አትክልት የሚጠጣበትን ጎማ አስቡ። አፉን በአውራ ጣታችሁ ስትይዙት ውሃው ርቆ ይረጫል። ትናንሾቹ የደም ሥሮቻችን ሲጠብቡ የሚሆነውም ይኸው ነው። ደሙ ያው ነው፤ መንገዱ ጠቧል፤ ፓምፑ ግን ያንኑ ማድረስ አለበት። ስለዚህ ልብ የበለጠ ይገፋል። እንደማንኛውም ጡንቻ ሥራ ሲበዛበት ይወፍራል። ውሎ አድሮ ይደክማል።

ምንም ሳያመኝ እንዴት ታምሜያለሁ ትሉኛላችሁ?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የለም። ሰውነታችን የጥርስን ሕመም ይናገራል፣ የቁስልን ሕመም ይናገራል። የግፊትን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም። የደም ሥር ግድግዳ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲጎዳ አያምም። “ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለኝም” የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያሳጣን ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ አዋቂዎች ግፊት አለባቸው፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ግን አያውቁትም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብፅ ውስጥ በስዊዝ ቦይ መስመር ላይ፣ ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ውስጥ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ መመለሳቸው ነበር። ቁጭ ብለው ስለ አገርና ስለ ጦርነት የሚያወሩት እኚህ ሰው ከባድ ግፊት ነበረባቸው። ወደ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1936፣ የልብ ሐኪም ሲመረምራቸው 186 በ108 ተገኝቷል። በዚያ ዘመን ዛሬ ጤና ጣቢያ የምናገኘው ዓይነት ክኒን አልነበረም። ጨው ቀንሱ፣ ዕረፍት አድርጉ ከማለት ብዙም የማይዘል ሕክምና ነበር። ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ሩዝቬልት ጭንቅላቴን ከኋላ በጣም አመመኝ አሉ። ራሳቸውን ሳቱ። ግፊታቸው ከ300 በ190 በላይ ነበር። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ በዚያው ቀን በ63 ዓመታቸው አረፉ።

ከባዱ ራስ ምታት የመጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

አንጎል ላይ ሲሆን ስትሮክ እንለዋለን። የደም ሥሩ ይፈነዳል፣ ወይም ይዘጋል። ልብ ላይ ሲሆን የልብ ድካምና ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው። ኩላሊት ላይ ሲሆን መጨረሻው እጥበት ሊሆን ይችላል። የኩላሊት እጥበት ቤተሰብን ምን እንደሚያስከፍል ያየ ሰው ያውቀዋል። ዓይንም ይጎዳል።

በትክክል ተለክቼ ይሆን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

ደረጃ ወጥታችሁ፣ ተራ እንዳያልፋችሁ ሮጣችሁ፣ ገና ሳትቀመጡ ክንዳችሁ ከታሰረ ቁጥሩ የእናንተ አይደለም። የሩጫው ነው። በሹራብ ወይም በጋቢ ላይ የታሰረ መለኪያም አይታመንም። ክንዱ መራቆት አለበት። ሽንት ይዞ መለካት ብቻውን 10 ነጥብ ያህል ሊጨምር ይችላል። እየተለኩ ማውራትም ይጨምራል። በእኛ አገር ደግሞ እየተለካ ከነርሷ ጋር የማያወራ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራ፣ ከባድ እንቅስቃሴ ይቅር። ሽንት ቤት ግቡ። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ መሬት ላይ አሳርፋችሁ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ይሁን። ሁለቴ ተለኩ፤ በመሃሉ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይለፍ።

“እባክሽ ሲስተር፣ ትንሽ ልቀመጥና ድገሚልኝ” ማለት ነውር አይደለም። መብታችሁ ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ነጭ ጋውን ሲያይ ብቻ ይጨምራል። ቤቱ ሲለካ ደህና ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ሐኪም ፊት ደህና ሆኖ ቤት ሲገባ ከፍ የሚል። አቅሙ ካላችሁ ክንድ ላይ የሚታሰር ማሽን ቤት ይኑራችሁ። የእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይሻላል። ለተወሰኑ ቀናት ጠዋትና ማታ ለክታችሁ በወረቀት ጻፉና ለሐኪማችሁ አሳዩ። ያ ወረቀት ከአንድ ቀን ልኬት የበለጠ ይናገራል።

እዚህ ደህና ነሽ አሉኝ፣ አሜሪካ ግፊት አለብሽ አሉኝ። ማንን ልመን?

ይህ ጥያቄ በቤተሰብ መካከል ብዙ ክርክር አስነስቷል። ልጆቿን ለመጠየቅ ዋሽንግተን የሄደች እናት 134 በ84 ትለካና “ግፊት አለብሽ” ትባላለች። አዲስ አበባ ስትመለስ “ምንም የለብሽም፣ ብቻ ተጠንቀቂ” ይሏታል። አንዳቸውም አልዋሿትም። መስመሩን ያሰመሩበት ቦታ ነው የተለያየው። የዓለም ጤና ድርጅትና አብዛኞቹ አገሮች ግፊት አለ የሚሉት 140 በ90 ሲደርስ ነው። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2017 መስመሩን ወደ 130 በ80 አወረዱት። ቤት ውስጥ ስንለካ ደግሞ መስመሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ 135 በ85 ቤት ውስጥ ከተገኘ ክሊኒክ ውስጥ እንደ 140 በ90 ይቆጠራል።

አሜሪካም ቢሆን 134 ላይ ያለ ሰው ሁሉ ክኒን አይጀምርም። መጀመሪያ አመጋገቡ ይስተካከላል። ስኳር፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የልብ ሕመም ካለ ግን ሐኪሞች ቶሎ ይጀምራሉ።

ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ከፍ ቢልስ? እሱም ይቆጠራል። በተለይ ዕድሜ ሲገፋ የደም ሥር ስለሚደድር ላይኛው ብቻውን ይወጣል። “ታችኛው ደህና ነው” ተብሎ አይታለፍም።

ከየት መጣብኝ?

ከ10 ሰው 9ኙ ላይ አንድ ብቻውን የሚጠቆም ምክንያት የለም። ዕድሜ፣ ዘር፣ ጨው፣ ክብደት፣ መጠጥ፣ አለመንቀሳቀስ ተደራርበው ያመጡታል። ወላጆቹ ግፊት ያለባቸው ሰው ቀደም ብሎ መለካት ይኖርበታል። በወጣትነት ከፍ ብሎ ከመጣ ግን ሐኪሙ ኩላሊትንና ሆርሞንን መፈተሹ አይቀርም። ጫት ሲቃም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። ጭንቀትና ንዴትም ለጊዜው ያስጨምራል፤ ነገር ግን “የኔ የንዴት ነው” ብሎ ሕክምናውን መተው አያዋጣም።

ጨው ይህን ያህል ክፉ ነው?

ጨው ውሃ ይይዛል። ብዙ ጨው ስንበላ ሰውነት ውሃውን ያስቀራል፤ በደም ሥር ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ይጨምራል። እዚህ ላይ “ደም ብዛት” የሚለው ስም ትንሽ እውነት አለው። ተጨማሪውን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ለማስወጣት ግን ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ የቀኑ ምግብ ሁሉ ተደምሮ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ውስጥ በተካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ አማካዩ ወደ 8 ግራም ገደማ ነበር። በዚያው ዳሰሳ ከ6 ሰው አንዱ ገደማ ግፊቱ ከፍ ያለ ነበር።

ከየት ነው የምንበላው? አውሮፓና አሜሪካ ያለ ሰው አብዛኛውን ጨው የሚያገኘው ከፋብሪካ ምግብ ነው። እኛ ቤት ግን ጨው ከእጃችን ነው የሚገባው፤ ያውም ደጋግመን። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲፈጭ ገብቶበታል። ወጡ ሲበስል እንደገና ይጨመራል። አንዳንድ ቤት የሾርባ ኪዩብ ይታከልበታል። ማዕድ ላይ ሚጥሚጣ ይቀርባል፤ እሱም ጨው አለው። ቋንጣውም ጨው አለው። ቡናውን በጨው የሚጠጣም አለ። አንድ እጅ ሳይሆን አራት እጅ ጨው ነው።

ይህ ግን ጥሩ ዜና ነው። ፋብሪካውን መለመን አያስፈልገንም። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው አይግባበት፤ ድስት ላይ ብቻ ይጨመር። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደገባ ይታወቃል። በአንድ ቀን አትቁረጡት፤ በየሳምንቱ ትንሽ ቀንሱ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። አሁን እናቴ ቤት ለበሽተኛ ተለይቶ የሚሠራ ወጥ የለም። ሁላችንም ያንኑ ነው የምንበላው። የተለየ ድስት መጣድ ሰውን ያሳቅቃል፤ ያሳቀቀው ነገር ደግሞ አይዘልቅም።

ቡናስ? ለለመደ ሰው የሚያመጣው ጭማሪ ጊዜያዊ ነው። ግፊታችሁ በጣም ከፍ ያለ ካልሆነ አቦሉን አትነፈጉም። መጠጥ ግን ይቀነስ። ሲጋራ ይቁም። ክብደት ላለበት ሰው እያንዳንዱ ኪሎ ሲቀንስ ግፊቱ በ1 ነጥብ ገደማ ይወርዳል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃም ይረዳል።

ክኒን ከጀመርኩ ዕድሜ ልኬን ልውጥ ነው?

አብዛኛው ሰው፣ አዎ። ይህን ሳልደብቅ መናገር እመርጣለሁ፤ ተደብቆ ሲነገር ነው ሰው በመሃል የሚያቆመው።

ክኒን ስንል የምናውቀው አንቲባዮቲክ ነው። 7 ቀን ውጠህ ትድናለህ። የግፊት ክኒን እንዲህ አይሠራም። ዘበኛ ነው። ዘበኛ ቀጥራችሁ ሌባ ሳይመጣ ከረመ። “ሌባ የለም እኮ” ብላችሁ ዘበኛውን ታሰናብታላችሁ? ቁጥሩ 124 በ78 የሆነው ክኒኑ እየሠራ ስለሆነ ነው። እናቴን ያሳመናት ይኸው የዘበኛው ምሳሌ ነው። ክብደት በደንብ ቀንሰው፣ አመጋገብ ለውጠው መጠኑ የሚቀነስላቸው፣ አልፎ አልፎም የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። ያን የሚወስነው ግን እየለካ የሚከታተለው ሐኪም ነው።

ትርፉ ትልቅ ነው። ላይኛው ቁጥር በ10 ነጥብ ሲወርድ ስትሮክ የመከሰት ዕድል በሩብ ገደማ ይቀንሳል።

በብዛት የሚታዘዙት ሦስት ዓይነት ናቸው። አምሎዲፒን የደም ሥርን ያላላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትርፍ ጨውና ውሃ በሽንት ያስወጣል፤ ሌሊት እንዳያስነሳ ጠዋት ይዋጣል። ኢናላፕሪል የደም ሥርን የሚያጠብ ሆርሞን እንዳይፈጠር ያደርጋል፤ አንዳንዱን ደረቅ ሳል ያስለዋል። በሳሉ ምክንያት ለወራት የሳል ሽሮፕ የጠጣ ሰው አውቃለሁ። ለሐኪሙ ቢነግር ክኒኑ ይቀየርለት ነበር። የማይስማማ ነገር ካለ ተናገሩ፤ ምትክ አለ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት።

ሁለት ዓይነት ክኒን መታዘዙም በሽታው ባሰ ማለት አይደለም። አንዱን ብዙ ከማድረግ ሁለቱን በጥቂት መስጠት ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራል። ከረሳችሁ በዚያው ቀን ስታስታውሱ ዋጡ፤ በማግስቱ ግን ሁለት አትደርቡ። የእህታችሁን ክኒን አትዋጡ። ከውጭ ዘመድ የላከላችሁንም ሳታሳዩ አትጀምሩ። አንድ ዓይነት መድኃኒት በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ሳታውቁ ደርባችሁ ልትወስዱ ትችላላችሁ።

ሽፈራው ብጠጣስ? ጸበልስ? ጾምስ?

ሽፈራው ጥሩ ምግብ ነው። ኮንሶዎች ስንት ዘመን የኖሩበት ቅጠል ነው። ነጭ ሽንኩርትም፣ ተልባም ብሉ። ክኒኑን ግን አይተኩም። የምትጠጡትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ አይቆጣችሁም። ቢቆጣም ንገሩት።

ጸበል የሄደ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲጠየቁ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ለግፊትም ያው ነው።

ጾም ላይ ብዙ ሰው የጠዋቱን ክኒን ይዘላል። ይህ አያስፈልግም። አብዛኛው የግፊት ክኒን በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ስለሆነ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይቻል ይሆናል። ረመዳን ለሚጾሙም እንዲሁ። ከጾሙ በፊት ሐኪሙን አማክሩ። የጾም ምግባችን ራሱ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው፣ ጨውና ዘይቱ ካልበዛ ለግፊት የሚስማማ ነው።

ሳላውቀው የሚያስነሳብኝ ነገር ይኖራል?

አለ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለጥርስ ከፋርማሲ በቀላሉ የምንገዛቸው ማስታገሻዎች ግፊት ይጨምራሉ፤ በተለይ ሲዘወተሩ። ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ፋርማሲ ስትገቡ “ግፊት አለብኝ” ማለትን ልማድ አድርጉት። ኢስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያም አንዳንድ ሴቶች ላይ ይጨምራል።

እርግዝና ለብቻው ይነገር። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከዚህ በፊት ጤነኛ የነበረች ሴት ላይ ግፊት ሊነሳ ይችላል። በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጨጓራ በላይ ሕመም፣ የፊት እብጠት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ኢናላፕሪል የምትወስድ ሴት ማርገዝ ከፈለገች ወይም ካረገዘች ቶሎ ለሐኪሟ ትንገር፤ ለጽንሱ አይሆንም፤ ይቀየርላታል።

መቼ ነው ሳልጠብቅ የምሮጠው?

ቁጥሩ 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መጋረድ፣ ግራ መጋባት ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። ምልክት ከሌለ 5 ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ይያችሁ። ቶሎ ይውረድ ብላችሁ ክኒን አትደራርቡ። ድንገት ማውረድ ራሱ አንጎልን ደም ሊያሳጣ ይችላል።

ፊቱ በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ቁጥሩን ለመለካት ጊዜ አታጥፉ። ስትሮክ ሊሆን ይችላል። አፉ ውስጥ ውሃም፣ ምግብም፣ ክኒንም አታድርጉ፤ መዋጥ አቅቶት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ መኪና ፈልጉ፣ ሰዓታችሁን እዩ። ሐኪም ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ ከሚጠየቁት አንዱ “ስንት ሰዓት ላይ ጀመረው?” የሚለው ነው። ከእንቅልፉ ሲነሳ እንዲህ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያያችሁበትን ሰዓት ንገሯቸው።